የወንድሜን ትንፋሽ ስለቆለፈው ጓጉንቸር

ለተከበሩት የጣቢያችን አዛዥ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ማዘዣ ስለተያዘው ወንድሜና አብራው ስለታሰረችው መድኃኒቱ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ ይጣምዎት፣ ምግብዎ ይስማማዎት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ ይግባ ይውጣልዎት እላለሁ፤ ይቺን የመጨረሻዋን ምርቃት ዝም ብዬ እንዳላመጣኋት ወደ ታች ሲወርዱ ይገባዎታል።

እኔ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለው ቁልፍ ቤት ታናሽዬው ነኝ፤ ሰፈሩ "ሽቦ" ይለኛል። ስሙ የወጣልኝ በአንዲት ቀጭን ሽቦ የማልከፍተው ቁልፍ ስለሌለ ነው፤ ይኼን ስል ጉራ እንዳይመስልዎት፣ ጉራም ቢሆን እውነት ነው። ትምህርቴ አጭር ነው፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት ቤቱ ተጣላን፣ እስካሁንም ያስታረቀን የለም። ስለዚህ ፊደሌ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ፤ እጄ ያደገው ከሞረድ ጋር ነው። ማመልከቻ ይዤ በራችሁ ድረስ መጥቼ ነበር፣ በረኛዎ "አመልካቹ ራሱ መምጣት አለበት" ብሎ መለሰኝ፤ አመልካቹ እኮ እናንተው ጋ ታስሯል ስለው "እንግዲያው ሲወጣ ያመልክታ!" አለኝ። ለዚህ ጥልቅ ምክር ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ እኔም እንደ አቅሜ ደብዳቤዬን በሱቃችን በር ላይ ለጠፍኩት። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ቆሞ እያነበበው ነው፤ እርስዎም ሲያልፉ የመኪናዎን መስታወት ዝቅ ካደረጉ ይነበባል፣ ፊደሉን ሆን ብዬ አተልቄዋለሁ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ይዛችሁ ያሰራችሁት ታላቅ ወንድሜን ነው፣ ሰፈሩ "ቀስ በቀስ" የሚለውን። እኔ አንዱን በር ከፍቼ ሌላው ጋ ስደርስ እሱ ገና ቁልፉን ቁጭ ብሎ ያየዋል፤ እንደ ሐኪም። እኔ ጋሼ ነው የምለው፣ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነውና። ታዲያ ጋሼ አንድ የራሱ ሕግ አለው። የተቆለፈ ቤት ክፈት ተብሎ ሲጠራ፣ ባለቤቱን እንደ እናቱ ቢያውቃትም፣ አንድ ጎረቤት መጥቶ "አዎ፣ ቤቱ የሷ ነው" ብሎ እስኪቆምለት ድረስ በሩን በጣቱ አይነካም። እስከዚያ ድረስ ነጭ ጨርቅ መሬት ላይ ዘርግቶ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ይደረድራል፤ ምን ይዞ እንደመጣና ምን ይዞ እንደሚሄድ ምስክሩ እንዲያይለት ነው። እኔ ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ! "አንተ ቁልፍ ሠሪ ነህ ወይስ ዳኛ?" እለዋለሁ። እሱ ደግሞ "አንድ ቀን ይገባሃል" ይለኛል። ክቡር አዛዥ ሆይ፣ በእርስዎ ቸርነት ቀኑ መጣልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

አንደኛ ቅሬታዬ፦ ፀሐይ በሞቀበት ረፋድ ላይ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ሱቃችን መጡ፣ ቁልፋቸው በራቸው ውስጥ ተሰብሮባቸው። ጋሼ ሳጥኑን አንስቶ አብሯቸው ሄደ፣ በሩ ጋ ሲደርሱም እንደ ልማዱ "ጎረቤት ይጥሩልኝ" አላቸው። እትዬ ምላሳቸው ከመቀሳቸው የሚብስ ሴትዮ ናቸው፤ "አንተ ልጅ፣ ሱሪህን ያሳጠርኩልህ እኔ! የገዛ ቤቴ ለመግባት ደግሞ ምስክር ላምጣልህ?" ብለው ጮኹበት፣ ግን ሄዱለት። ጎረቤታቸው ጡረተኛው ሾፌር ፀጉር ቤት ተቀምጦ ወሬ ይጠርቅ ስለነበር እሱን ሊጠሩ ሄዱ። ጋሼ ጨርቁን ዘርግቶ፣ መሣሪያውን ደርድሮ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። በዚህ ጊዜ ሁለት ጀግና ፖሊሶችዎ ደረሱ።

የተባባሉትን ፊት ለፊት አትክልት የምትሸጠው ልጅ ከአፍ እስከ ገደፉ ነግራኛለች፤ እንዲህ ነው።

"ምን ትሠራለህ እዚህ?"

"ሰው እየጠበቅኩ ነው።"

"ማንን?"

"ምስክር።"

"ምስክር እንኳ ፍርድ ቤት ታገኛለህ፣ ተነስ!"

ልጅቷ "ኧረ ቁልፍ ሠሪ ነው!" ብላ ብትጮህ "አንቺ ቲማቲምሽን ጠብቂ" ተባለች። ጋሼ ቀስ ብሎ ማዘዣ እንዳላቸው ጠየቀ። እነሱም "እጅ ከፍንጅ ለተያዘ ሰው ማዘዣ አያስፈልግም" አሉት። እጅ ከፍንጅ! ክቡር ሆይ፣ እጁ ጭኑ ላይ ነበር። የተሰበረው ቁልፍ በሩ ውስጥ እንደተሰነቀረ፣ በሩ ላይ ጭረት እንኳ ሳይኖር፣ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ በፀሐይ የሚሰርቅ ሌባ ካዩ ለኔም ያሳዩኝ፤ ሥራ ላስተምረው፣ በዚህ አያያዙ ይራባል።

እንግዲህ እኔ ሕግ አላውቅም፣ ግን የሚያውቅ አውቃለሁ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት ጋሽ ማኅተም ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ፖሊስ ያለ ማዘዣ የሚይዘው ሰው አለ አሉኝ፤ ወንጀሉን ሲሠራ የተደረሰበት፣ ሠርቶ ሲሮጥ "ያዙት! ያዙት!" እየተባለ የተባረረ፣ ከእስር ቤት ያመለጠ፣ ወይም አጥጋቢ ምክንያት ሳይኖረው የስርቆት መሣሪያ ይዞ የተገኘ። ከዚህ ውጭ ያለውን ሰው ለመያዝ ፖሊሱ ዳኛ ፊት ሄዶ ምክንያቱን ያስረዳል፣ ዳኛው ካመነበት ይፈርማል፣ ፖሊሱም ማዘዣውን ለሰውየው አሳይቶ፣ ለምን እንደያዘው ነግሮት ይይዘዋል። ይኼው ነው፤ ለኔ እንኳ ገብቶኛል። ታዲያ ወንድሜ ከየትኛው ነው? እየከፈተ አልነበረም። አልሮጠም፤ በርግጥ እሱ ቢፈልግም አይሮጥም፣ ለምን እንደማይሮጥ እመጣበታለሁ። አላመለጠም። መሣሪያ መያዙ እውነት ነው፣ ቁልፍ ሠሪ ነዋ! ጥርስ ሐኪሙን ጉጠት ይዞ ሲያገኙት ሊያስሩት ነው? ፀጉር አስተካካያችንስ ምላጭ ይዞ የሚውለው? እባክዎ በዚሁ ከቀጠላችሁ እርስዎን ራስዎን ሽጉጥ ይዘው እንዳያገኙዎት እሰጋለሁ።

ሁለተኛ፦ እትዬ ሾፌሩን እየጎተቱ ሲመለሱ ደጃፋቸው ላይ ጨርቁ ብቻ ቀርቷል። ቤታቸው ሳይገቡ፣ በቀጥታ ጣቢያ መጡ። እኔም ደርሼ ነበር። "የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ፣ የጠራሁት እኔ ነኝ፣ አልተሰረቅኩም" አሉ። መርማሪዎ ሳያስከፋቸው በጨዋ አንደበት "እናቴ፣ መሰረቅዎን ገና እያጣራን ነው" አላቸው። "በሩ እኮ እስካሁን ተቆልፏል፣ እኔም መግቢያ አጥቻለሁ፣ ሌባው በየት ይግባ?" ሲሉት "ሙከራ ነው" አለ። ሾፌሩ እድሜ ልኩን ከትራፊክ ፖሊስ ጋር የተከራከረ ሰው ስለሆነ ጠጋ ብሎ "የያዛችሁበትን ማዘዣ ልየው" አለ። መርማሪው "ማዘዣው ይመጣል" አለን። ይመጣል! እንደ ዘገየ ሻንጣ! ክቡር ሆይ፣ እጅ ከፍንጅ ከያዛችሁት ማዘዣ ለምን ይመጣል? ማዘዣ ካስፈለገው ደግሞ ሰውየው ቀድሞት ለምን መጣ? ይኼንን ጠይቄ "አፍህን ዝጋ፣ አንተንም እንዳናስገባህ" ተብያለሁ፤ ያ ደግሞ በየትኛው ማዘዣ እንደሆነ አልተነገረኝም።

የእትዬን በር እኔ ከፈትኩት፣ ሾፌሩ ቆሞ እያየ። ለመክፈት የፈጀብኝ ጊዜ ለማስነጠስ የሚበቃ ነው። ለመመዝገብ ያህል ነው፣ ጉራ አይደለም።

ሦስተኛው ቅሬታዬ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ የሚያስረሳ ነው። ጋሼ አስም አለበት። ከልጅነቱ ጀምሮ። ሲብስበት ደረቱ ውስጥ ዝገት ያለበት ማጠፊያ የሚንጫጫ ይመስላል፤ ያኔ በአፉ የሚስባት መድኃኒት አለች፣ እኛ ቤት "ፓፏ" የምንላት፣ አንዴ ሁለቴ ስቦ ነፍሱ ትመለሳለች። ፓፏን ከአጠገቡ አይለያትም፤ ቦታዋ የመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከሞረዶቹ ጎን ያለችው ትንሿ ኪስ ነች። ሳጥኑን ደግሞ እናንተ በኤግዚቢትነት ወስዳችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋችሁበታል። ከሞረዶቹና ከሽቦዎቹ ጋር የወንድሜም ትንፋሽ ማስረጃ ሆኖ ተይዟል ማለት ነው። ትንፋሹ ምን ላይ እንደሚመሰክርበት እንጃ!

መጥቼ ተረኛውን ሳጅን ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅኩ ብልዎ ያምኑኛል? እኔ ሽቦ! ለማንም አንገቴን ሰብሬ የማላውቀው። ሳጅኑ ክፉ ሰው አይደለም፣ ቆሜ አልዋሽም፤ "ወንድሜ፣ እኔም ያሳዝነኛል። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ያለው የንብረት ኃላፊው ኪስ ውስጥ ነው፣ ኃላፊው ሥልጠና ሄዷል፣ እኔ ከነካሁት የምጠየቀው እኔ ነኝ" አለኝ። ሥልጠናው ስለምን እንደሆነ ስጠይቅ ስለ ንብረት አያያዝ ነው አሉኝ። እንኳን ደስ አላችሁ።

እሺ ብዬ ሮጬ አዲስ ፓፍ አመጣሁ። "ያለ ሐኪም ወረቀት መድኃኒት ወደ እስረኛ አይገባም" ተባልኩ። የሐኪሙ ወረቀት የት ነው? ሳጥኑ ውስጥ፣ ፓፏ የተጠቀለለችበት እሱ ነው። ሐኪሙ ጋ ሮጥኩ፤ "ታማሚውን ሳላየው አልጽፍም፣ አምጣው" አለኝ። ተመልሼ ታማሚውን ስጡኝ ለሐኪም ላሳየው አልኩ፤ "እስረኛ ወደ ሕክምና የሚወጣው ከሐኪም ወረቀት ሲመጣ ነው" አላችሁኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በሕይወቴ ብዙ ቁልፍ አይቻለሁ፣ የባንክም አይቻለሁ፤ እንዲህ ጥርሱ ከጥርሱ ተናክሶ የሚዞር ግን ካለ እናንተ ማንም አልሠራውም። በሙያ ሰውነቴ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

የት ደረስኩ? አራተኛ። አይ፣ ቁጥሩ ይቅርብኝ፣ ቆጥሬ የት ልደርስ ነው።

ቁም ሳጥኑን በመስኮት አየሁት። ጓጉንቸሩን ሳየው ምን እንደሆንኩ ልንገርዎት? የኛ ነው። ከሱቃችን የተገዛ፣ ጎኑ ላይ የጋሼ ምልክት ያለበት፤ የሸጠውን ሁሉ ምልክት ያደርግበታላ፣ ቢበላሽ አውቆ ሊቀይረው። ያን ዓይነት ጓጉንቸር እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እያዛጋሁ፣ በፀጉር ማስያዣ እከፍተዋለሁ። ከኔ ያለው ርቀት ከወንበር እስከ ጠረጴዛ የሚያህል ነው። ወንድሜን ከነፍሱ የለየው ይኼ ነው፣ የገዛ ራሱ ጓጉንቸር። "ልክፈተው፣ ፓፏን ብቻ ላውጣ፣ ቆማችሁ እዩኝ" አልኩ። ሳጅኑ ዘሎ በሩ ላይ ቆመብኝ፤ "እንዳትሞክር! የመንግሥት ንብረት ነው፣ እጅ ከፍንጅ ነው የምትያዘው!" አለኝ። እንግዲህ ይቺን ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ስትጠቀሙባት የሰማሁት ያኔ ነው።

ምሳ ሳቀብል አንዴ፣ ፈትሸው አዲሷን ፓፍ በር ላይ ካስቀሩብኝ በኋላ፣ ከክፍሉ መስኮት ሥር አድርሰውኝ ነበር። ጋሼ ፊቱን ፍርግርጉ ላይ ለጥፎ አየር ይለቅማል። ከንፈሩ ጠቁሯል። የጠየቀኝን ነገር ቢገምቱ አያገኙትም።

"ሽቦ... የእትዬን በር... ከፈትክላቸው?"

"ከፈትኩላቸው፣ ጋሼ።"

"ምስክር... ነበር?"

ሾፌሩ ቆሞ እንደነበር ነገርኩት። በጭንቅላቱ እሺ አለኝ፣ ደስ አለው። ከዚያ የቁም ሳጥኑን ነገር ሳነሳ፣ በሳጅኑ ጠረጴዛ ጎን ሾልኬ ማለፍ እንደምችል በሹክሹክታ ስነግረው፣ ጣቶቹን በፍርግርጉ አውጥቶ ክንዴን ጨመቀኝ፤ "እንዳትነካው... ያለ ምስክር" አለ። ትንፋሽ የሌለው ሰው የቀረችውን ትንፋሽ ለዚህ አወጣት። ይኼን ሰው ነው ሌባ ያላችሁት።

እኔ ግን ምስክር ጠብቄ አላውቅም። አሁንም ውጭ ነኝ። የጠበቀው ውስጥ ነው። ይቺን ነገር እርስዎ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ያስቡባት፣ ወንበሩ ምቹ እንደሆነ ሰምቻለሁ።

እናታችን ከጣቢያው አጥር ውጭ፣ ከክፍሉ ጀርባ ባለው ድንጋይ ላይ ትውላለች። የምትጠብቀው ሳሉን ነው። ሲስል ትረጋጋለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ሳሉ ሲቋረጥ ብድግ ትልና ጆሮዋን ግንቡ ላይ ትለጥፋለች። ሰው ልጁ ሲስል ደስ የሚለው የት አገር ነው? ዘበኛዎ "እማማ፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው" ሲላት "ልጄ፣ እስኪስል ብቻ" አለችው። ዘበኛው ፊቱን አዙሮ ተዋት። ለሱ ስላቅ የለኝም፤ እሱን ከልቤ አመሰግናለሁ።

ፍርድ ቤትም ነገር አለ። ጋሽ ማኅተም እንዳሉኝ በማዘዣም ይያዝ ያለ ማዘዣ፣ የተያዘ ሰው ሳይውል ሳያድር ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። ዳኛው ቢያየው ሌላ ነገር መጠየቅ አያስፈልገውም፣ ሲተነፍስ መስማት ይበቃዋል። ሳጅኑን ስጠይቅ መኪናው ነዳጅ የለውም አለኝ። ወንድሜን የወሰደችው ዕለት ያቺው መኪና ነዳጅ ነበራት፤ እንግዲህ ወደ ውስጥ ቁልቁለት፣ ወደ ውጭ ዳገት መሆን አለበት። ከፈለጋችሁ በጀርባዬ እሸከመዋለሁ። እሱም ልጅ ሆኜ ተሸክሞኛል። ፍርድ ቤቱ እኮ ከናንተ በር ይታያል።

ስለዚህ ክቡር አዛዥ፣ ስለ አንድ ሰው ያን ያህል ስለተጨነቃችሁ፣ ማስረጃውን እስከ ትንፋሹ ድረስ ስለጠበቃችሁልን፣ ለሰፈራችንም ምስክር የሚጠብቅ ቁልፍ ሠሪ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ስላስተማራችሁን፣ ቤተሰቤ የተሰማውን ምስጋና የሚገልጽ ቃል አላገኘሁም፤ ያገኘሁት ቃል ደግሞ በደብዳቤ አይጻፍም። የምጠይቅዎት ጥቂት ነው። ወንድሜን የያዛችሁበትን ምክንያት ለዳኛ ንገሩ፤ ከሌላችሁም ልቀቁት። እሱም እስኪሆን ድረስ ማሰራችሁን ቀጥሉ፣ ግን እየተነፈሰ እሰሩት። ፓፏን ብቻ። በናትዎ። ይኼን የምለው ሽቦ ነኝ፣ ማንንም "በናትዎ" ብዬ አላውቅም።

ለሥልጣንዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለቁልፎችዎ ባለቤት ከሥልጠናው በቶሎ መመለስን፣ ለደረትዎም ሰፊ አየር እየተመኘሁ፣ እስክታሰር ድረስ ታዛዥዎ የሆንኩት፣

ሽቦ
የቁልፍ ቤቱ ታናሽዬው፣ ላሁኑ ብቸኛው

ግልባጭ፦
ለልብስ ሰፊዋ እትዬ፣ ተነብቦ እንዲሰሙት
ለጡረተኛው ሾፌር፣ ፀጉር ቤት
ለማዘዣው፣ ሲመጣ

ማሳሰቢያ፦ ነገ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ሰዓት፣ ጣቢያዎ እመጣለሁ። እትዬና ሾፌሩ አብረውኝ ናቸው። ቁም ሳጥኑ ፊት የጋሼን ነጭ ጨርቅ እዘረጋለሁ፣ አንዲት ሽቦ አስቀምጥበታለሁ፣ ከዚያም በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብዬ ምስክር እጠብቃለሁ፤ ምስክሩ እርስዎ ነዎት። መጥተው ቢቆሙልኝ ሥራ ነው፤ ባይቆሙልኝ ስርቆት ነው፤ ጓጉንቸሩ ግን በሁለቱም ይከፈታል። ያን ጊዜ ማዘዣ እንዳያስጨንቅዎት፤ ሲሠራ የደረሳችሁበት፣ መሣሪያ በእጁ፣ ዓይናችሁ እያየ፣ ሕጉ እንዳለው ንጹሕ እጅ ከፍንጅ አድርጌ አስረክብዎታለሁ። አንዴ እንኳ ሰው በትክክል እንዲያስሩ ብዬ ነው። ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ያስገቡኝ፣ አልከራከርም። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፦ ካቴናውን ጋሼ መስኮት ሥር አድርሰውኝ ከግራ እጄ ይጀምሩ፤ ቀኝ እጄን እስኪደርሱባት ፓፏን በመስኮቱ አቀብለዋለሁ።